ወደ ሀገር ቤት የ35 ዓመት መንገድ

ይህ ጽሑፍ ረጅም ነው። ሥራ ላይ ያላችሁ ለማታ አቆዩት፤ ቤት ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ተራ እየጠበቅኩ ስልኬ ላይ በቁርጥራጭ የጻፍኩት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ለምን እንደምጽፈው ልናገር። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አስተምራለሁ። ቅዳሜ ለታክሲ ሰው ምን ማለት እንደሆነ የምትነዱ ታውቁታላችሁ፤ የሳምንቱ ደህና ገንዘብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ቢሆንም ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራና ሦስት ነገር ተባልኩ። አንደኛ፣ ወንጌሉን ለልጆቹ በስዊድንኛ ማስረዳቴ ቋንቋችንንና ሥርዓታችንን ማጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ ስዊድንኛዬ ራሱ የተሰባበረ ስለሆነ ልጆቹ ይስቁብኛል። ሦስተኛውን አንዱ ከኋላ ሆኖ ነው የወረወረው፦ «ታክሲ ነጂ ደግሞ ምን ሊያስተምር?»

ሦስተኛውን ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። ሁለቱ ግን እንቅልፍ ነሱኝ። እንዲያውም ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ «በቃ፣ ቅዳሜን እሠራበታለሁ» ብያት ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ተሳፋሪ ብሮማ አደረስኩ። ስቶክሆልም የምትኖሩ ብሮማን ታውቃላችሁ፤ ለእኛ ለሾፌሮቹ ብሮማ ማለት ትንሹ አውሮፕላን ማረፊያና የታክሲ ተራው ነው። ሰውየውን አውርጄ መኪና ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ድንገት አንድ ስም ትዝ አለኝ። ኦንሲሞስ ነሲብ። ይህ ሰው የተማረው እዚሁ ብሮማ ነው! እኔ ተራ ስጠብቅ የማዛጋበት ሰፈር፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ አንድ ከባርነት የወጣ የኢሉባቦር ልጅ በስዊድን ብርድ አምስት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ያጠናበት ሰፈር ነው።

ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት በስዊድን አይደለም። ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ወለጋ ውስጥ የመንገድ ሥራ ላይ ነበርኩ። የቅየሳውን ዘንግ የሚይዙልኝ አንድ አዛውንት ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከኪሳቸው አሮጌ መጽሐፍ ያወጡና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ኢንጂነር፣ አንተ መንገድ ትሠራለህ። ይህን መጽሐፍ ወደ ቋንቋችን ያመጣው ሰው ግን መንገድ ሳይኖር ነው የመጣው» አሉኝ። ያኔ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። የገባኝ አሁን ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸው። በዕድሜም በሥራም አንቱ የሚባል ሰው ነው፤ ግን ታሪኩ ከልጅነቱ ስለሚጀምር «እሱ» እያልኩ ልቀጥል፣ ይቅር በሉኝ።

ሦስት ስም

የተወለደው በ1856 ገደማ ነው፣ ከመቱ ብዙም በማይርቀው በሁሩሙ አካባቢ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነው። በኦሮምኛ «ሂኩ» ማለት መፍታት ነው፤ መተርጎምም ነው። እኛም በአማርኛ «የቃሉ ፍቺ» እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ሂካ ፈቺም ተርጓሚም ነው። ይህን ስም ሲያወጡለት ልጁ ምን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም።

አባቱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ሞቱ። በኋላ ራሱ ለስዊድን ሚሲዮን በጻፈው ታሪኩ እንደሚለው፣ በ1869 የባሪያ ፈንጋዮች ከባሏ ከሞተባት እናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከዚያ ምጽዋ እስኪደርስ በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። ስምንት! በአንድ ልጅነት ውስጥ ስምንት ጊዜ መሸጥና መለወጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ነሲብ የሚለው ስም የዚህ የባርነት ዘመን ስም ነው። በአማርኛችን «በነሲብ» ስንል በዕድል፣ እንደ አጋጣሚ ማለታችን ነው።

ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ አውጥቶ ነፃ አደረገው። ከዚያም የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ። ሦስተኛውን ስም ያገኘው ያኔ ነው፤ ኦንሲሞስ። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈላት መልእክት ላይ ያለው ባሪያ ነው ኦንሲሞስ። ትርጉሙ «የሚጠቅም» ነው። እንደ ዕቃ ሲሸጥ የኖረ ልጅ ለመጠሪያ የቀረለት ይህ ስም ነበር።

የተዘጉ መንገዶች

ጥሪው ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር። ወደ ተሰረቀበት ሀገር ተመልሶ ለወገኖቹ በሚሰሙት ቋንቋ ወንጌልን መናገር። ወደ ስዊድንም የተላከው፣ ብሮማ ዩሃኔሉንድ በሚባለው የሚሲዮን ማሠልጠኛ የተማረው ለዚሁ ነው።

በ1881 ተመለሰ። ምጽዋ ላይ ምሕረት ኃይሉ የምትባል ልጅ አገባና ብዙም ሳይቆይ ጉዞ ጀመረ። በሀገር ውስጥ በኩል መንገዱ ለሚሲዮን ዝግ ስለነበር ቡድኑ በሱዳን ዞረ። አሶሳ ደረሱ። አሶሳ ማለት እኮ ወለጋ ደጃፍ ማለት ነው! ከዚያ ማለፍ አልቻሉም። ተመለሱ። ፋማካ ላይ ኦንሲሞስ በንዳድ ወደቀ። ካርቱም የደረሱት ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ነው፤ የማህዲ አመፅ ሀገሩን ማናወጥ በጀመረበት ጊዜ። አንድ በሉ።

አገግሞ እንደገና ተነሳ። በ1880ዎቹ አጋማሽ በሌላ ቡድን እስከ እንጦጦ ዘለቀ። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። በመጣችሁበት ተመለሱ አሏቸው። ከእንጦጦ እስከ ነቀምቴ ዛሬ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሁለት በሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ እንደ መሐንዲስ ላስብ። መንገድ ስትሠራ ተራራ ቢገጥምህ ሁለት ምርጫ አለህ፤ ትበሳዋለህ ወይ ትዞረዋለህ። የምትደርስበት ከተማ ግን አይለወጥም። ተራራ ገጠመኝ ብሎ ከተማውን የሚቀይር መሐንዲስ የለም። ኦንሲሞስ ያደረገው ይህን ነው። እግሩ መግባት ሲያቅተው መጽሐፉ ቀድሞት እንዲገባ ወሰነ። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ቁጭ ብሎ መተርጎም ያዘ። መጀመሪያ የመዝሙር መጽሐፍ፣ ቀጥሎ ትልቁን ሥራ።

አስቴር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እየመጣሁ ነው።

ኦንሲሞስ መተርጎም ሲጀምር አንድ ጉድለት ታየ። የእናቱ ቋንቋ ከእጁ ወጥቷል። በልጅነቱ ተወስዶ፣ በዓረብኛ ተናጋሪ መሀል ኖሮ፣ በስዊድንኛ ተምሮ ያደገ ሰው ነው። የልጅ ኦሮምኛ አለው፤ የሽማግሌ ኦሮምኛ፣ የተረትና የምሳሌ፣ የለቅሶና የምርቃት ኦሮምኛ የለውም። በልጅ አፍ ደግሞ ኢሳይያስ አይተረጎምም።

እዚህ ባዕድ ሀገር ልጅ የምታሳድጉ ይህን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ጉድለቱን የሞላችው አንዲት ወጣት ናት፤ አስቴር ጋኖ። እሷም የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ የነበረች ናት። በ1886 ወደ ዓረብ ሀገር ልትሸጥ በመርከብ ስትጓዝ የጣሊያን መርከቦች ነፃ አወጧትና እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። የተወሰደችው ከፍ ካለች በኋላ ስለሆነ ቋንቋው ሙሉ ሆኖ በአፏ አለ። በቃሏ የምታውቀውን እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን 500 ያህል ጽፋ አስቀመጠች። ከዚህ ብዙው በ1894 በታተመው «ጃልቀባ ባርሲሳ» በሚባለው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ለመጽሐፍ ቅዱሱም ከአማርኛው እያነበበች ጥሬውን ትርጉም የምታዘጋጀው እሷ ነበረች፤ ኦንሲሞስ ደግሞ አርሞና አስተካክሎ የመጨረሻውን መልክ ይሰጠዋል።

ቀላል ሥራ አልነበረም። የጻፉት በግእዝ ፊደል ነው። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን እንደማይለይ እናውቃለን፤ «አለ» ብለን ጽፈን ተናገረ ይሁን ኖረ የሚለየው አንባቢው ነው። በኦሮምኛ ደግሞ የድምፁ መርዘምና ማጠር ጭምር ትርጉም ይለውጣል። ይህን ሁሉ እየታገሉ አዲስ ኪዳን በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1897 ተተርጉሞ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ኦንሲሞስ ባዝል አጠገብ ወዳለችው ቅድስት ክሪሾና፣ ስዊዘርላንድ፣ ሄዶ ኅትመቱን ቆሞ ተቆጣጠረ፤ በ1899 ወጣ።

ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የኦንሲሞስ ብቻ ነው። የአስቴር ድርሻ በደንብ መነገር የጀመረው ቆይቶ ነው። ይህ እውነት ነው፣ አልሸፋፍነውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ስዊድን ደርሶ የተመለሰ፣ የተማረ ሰው «ቋንቋህ ይጎድላል» የሚለውን እውነት ተቀብሎ ከአንዲት ወጣት ሴት አጠገብ ተቀምጦ የእናቱን ቋንቋ እንደገና ተማረ። ኩራቱን ቢመርጥ ኖሮ መጽሐፉ አይነበብም ነበር።

ነቀምቴ

በ1904 መንገዱ ተከፈተ። ኦንሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ተነስተው ወለጋ ገቡ። ገዥው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ከእናቱ ከተነጠቀ 35 ዓመት ሆኖታል። 48 ዓመት ገደማው ነው፤ የእኔ ዕድሜ ማለት ይቻላል። እኔ በዚህ ዕድሜ ጉልበቴ አለቀ እያልኩ ነው፤ እሱ ገና ሥራውን ሊጀምር ነው።

ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሕዝቡን በኦሮምኛ አስተማረ፤ ሰው ጎረፈ። ክሱም ተከተለ። የአካባቢው ካህናት እመቤታችንን ሰደበ ብለው ከሰሱት። በግንቦት 1906 አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። ከሀገር ይውጣ ተብሎ ተፈረደበት።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። የከሰሱት የእኔ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ናቸው። በእመቤታችን ጉዳይ የቀረበ ክስ ለእኔ ቀልድ አይደለም። የሃይማኖት ልዩነታችንም እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እሱን ለመደምሰስ አይደለም። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ ቅዱስ ቃሉን ማስተማር ከመቼ ጀምሮ ነው ባዕድ የሆነብን? ከሮም ግዛት የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳን በትውፊታችን የሚመሰገኑት መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመመለሳቸው አይደለም? አስቴር ከፊቷ ዘርግታ የተረጎመችው የአማርኛው መጽሐፍስ ቢሆን? መጀመሪያ የተረጎመው አቡ ሩሚ በሚል ስም የሚታወቅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ካይሮ ተቀምጦ፣ በብዙ ዓመት ድካም። ሙሉው ታትሞ የወጣው በ1840 ነው። ከጽርእ ወደ ግእዝ፣ ቀጥሎ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፤ አንድ ወንዝ ነው የሚፈሰው።

ፍርዱን አፄ ምኒልክ አሻሻሉት። ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን አይስበክ አሉ። አስቡት፤ 35 ዓመት ሙሉ ለአንድ ነገር ተጉዘህ፣ ደርሰህ፣ ሀገርህ ላይ ቁጭ ብለህ «አትናገር» ስትባል!

ምን አደረገ? አደባባይ ወጥቶ አልተሳደበም። ተከታዮቹን ለጠብ አላነሳሳም። «እኔ የደከምኩላችሁ» ብሎ አኩርፎ ወደ ስዊድን ወዳጆቹም አልሄደም። ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ። ስብከት ተከልክሏል፤ ልጆችን ፊደል ማስቆጠር ግን አልተከለከለም። ማንበብ የቻለ ልጅ ደግሞ መጽሐፉን ራሱ ያነበዋል። አስቴርም እዚያው መምህርት ነበረች። የመሰደድ ስጋት ከራሱ ላይ ሳይነሳ አሥር ዓመት በዚህ ሁኔታ ኖረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነቱን እንዲያስተምር ፈቀደለት። ልጅ ኢያሱ በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርድም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦንሲሞስም ሲያስተምርና መጽሐፎቹን ሲያድል ኖሮ ሰኔ 21 ቀን 1931 አረፈ። 75 ዓመት ገደማ ኖረ።

ያ የቅየሳ ዘንግ የሚይዙልኝ አዛውንት ያነቡት የነበረው መጽሐፍ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው።

ሁለት ወንፊት

ብሮማ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ይህን ነው። «ለጥሪህ ታማኝ ሁን፣ የሰው ወሬ አትስማ» የሚል ምክር በየቀኑ እንሰማለን። ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ኦንሲሞስ ጆሮውን የደፈነ ሰው አልነበረም። የሚነገረውን ሁሉ ይለይ ነበር።

«ሥራህ ይጎድላል» ሲባል ተቀበለ፤ አስቴር አጠገብ ተቀመጠ። «ጥሪህን ተው» ሲባል ግን አልተወም። የመጀመሪያውን እምቢ ቢል ኖሮ ትዕቢተኛ ይሆን ነበር፣ ሥራውም ከንቱ። ሁለተኛውን እሺ ቢል ኖሮ ደግሞ ሂካ የሚለው ስሙ ስም ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ችግራችን ብዙ ጊዜ ሁለቱን መቀላቀላችን ነው። ሥራችን ሲተች ጥሪያችን የተነካ ይመስለንና እንቆጣለን። ወይም ጥሪያችን ሲነካ ሥራችን መጥፎ ስለሆነ ነው ብለን እናቆማለን። እኔ ያን ማታ ለባለቤቴ «በቃ» ያልኳት ሁለተኛው ደርሶብኝ ነው።

ስለዚህ የተባልኩትን ሦስት ነገር አንድ በአንድ አበጠርኩት።

ስዊድንኛህ የተሰባበረ ነው፤ እውነት ነው። ከተማሪዎቼ መሀል አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አለች፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ባለፈው ቅዳሜ «ልጄ፣ እኔ ስናገር የተሳሳትኩትን ጻፊልኝ» አልኳት። አንድ ገጽ ሙሉ ሞልታ ሰጠችኝ። አንዱ ስህተቴን ስታነብልኝ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለካ ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ መረብ ስናገር ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ስል ኖሬያለሁ። ከአሁን ወዲያ ትምህርቱን የምናዘጋጀው አብረን ነው፤ ስሟም ከስሜ ጋር ይጻፋል።

ቋንቋችንን እያጠፋህ ነው፤ በዚህ ውስጥም እውነት አለ። ልጆቹ ወንጌሉን ተረድተው «አቤቱ ማረን» ማለት ካቃታቸው አንድ ነገር አጉድያለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ፊደልና ጸሎት በአማርኛ ይሆናል። የተሰበሰቡት ወላጆችም መጥተው ቢያግዙኝ ደስ ይለኛል፤ ይህን በአክብሮት ነግሬያቸዋለሁ። ሁለቱ እሺ ብለዋል።

ማስረዳቱን ግን በሚገባቸው ቋንቋ እቀጥላለሁ። ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ስለ በጎ ሳምራዊው ከሰማ በኋላ ትምህርት ቤት ብቻውን የሚበላ የክፍል ጓደኛው አጠገብ ሄዶ መቀመጡን እናቱ ነገረችኝ። ያ ልጅ ታሪኩን በማይገባው ቋንቋ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ አይሄድም ነበር። አባቶች «አቁም» ካሉኝ አልሳደብም፣ አላኮርፍም፣ ሰው ይዤም አልሄድም። ወንበር የማስተካክልበት፣ ሻይ የማፈላበት፣ ልጆቹን በታክሲዬ ቤታቸው የማደርስበት ቦታ አይጠፋም። በመኪና ውስጥ ደግሞ ልጅ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ታክሲ ነጂ ምን ሊያስተምር» ላለው ወንድሜም ቂም የለኝም። በስምንት ጌቶች የተሸጠ ልጅ ምን ሊያስተምር ይችላል ተብሎ ቢሆን ኖሮ እኮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ኮሜንት ላይ ፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር እንዳታመጡብኝ አደራ። ይልቅ በልጅነታችሁ በሚገባችሁ ቋንቋ ያስተማራችሁ ሰው ካለ ጻፉልኝ፤ የተረሳች አስቴርም ካለች አስታውሷት።

ተራዬ ደርሷል፣ ልንቀሳቀስ። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ግን ስልኬን አታገኙትም፤ ልጆቹ ጋ ነኝ።